ያውቁ ኖሯል? የጉድጓድ ሲሚንቶ በሙቀት ይደክማል

በነዳጅ ጉድጓድ የብረት ቱቦና በዓለቱ መካከል የሚሞላው ተራ ሲሚንቶ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጥንካሬውን እያጣ፣ ፈሳሽና ጋዝ ማሳለፍ ይጀምራል። መድኃኒቱ ደቅቆ የተፈጨ ሲሊካ ነው፤ ከሲሚንቶው ክብደት ከ35 እስከ 40 በመቶ ይጨመርበታል። በእኛው አሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓዶች ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ይደርሳል!

የግፊቱ ጣጣ ይብሳል። ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ቱቦው በከፍተኛ ግፊት ሲፈተሽ ብረቱ ይለጠጣል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶው ግን አብሮት ላይመለስ ይችላል። ያኔ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይፈጠራል፤ ለጋዝ ይህ በቂ መንገድ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ፍተሻውን ሲሚንቶው ገና ሳይጠነክር ያካሂዳሉ፤ ወይም የጎማ ቅንጣት ቀላቅለው መለጠጥ እንዲችል ያደርጉታል።