የዕቃን ዋጋ በአንድ መለኪያ ማነጻጸር

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው ሸቀጥ ሲያቀርቡም ሆነ እህል ሲሰበስቡ ልዩ ልዩ መለኪያ ያጋጥማቸዋል። አንዱ ነጋዴ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ፣ ሦስተኛው በጆንያ ዋጋ ይጠራል። የትኛው እንደሚረክስ በግምት መወሰን የአባላትን ገንዘብ ለጉዳት ያጋልጣል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ስሌት ከማካፈልና ከማባዛት አያልፍም። የተጠቀሱት ዋጋዎች ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

1. ዋጋውን ለመጠኑ ማካፈል
ባለ 3 ሊትር የምግብ ዘይት 750 ብር፣ ባለ 5 ሊትሩ 1,200 ብር፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 4,900 ብር ቢሸጥ፣ የአንዱ ሊትር ዋጋ በቅደም ተከተል 250፣ 240 እና 245 ብር ይሆናል። እንግዲህ ትልቁ መያዣ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም።

2. መለኪያውን አንድ ማድረግ
1 ሊትር የምግብ ዘይት 0.92 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ባለ 5 ሊትሩ የሚይዘው 4.6 ኪሎ ነው። 1,200 ብር ለ4.6 ሲካፈል ኪሎው 261 ብር ገደማ ይወጣል። የተጣራ ክብደቱ 5 ኪሎ የሆነ ዘይት በ1,250 ብር ቢገኝ ግን ኪሎው 250 ብር ነው። ስለዚህ ውድ የሚመስለው ይረክሳል።

3. እርጥበቱን ማሰብ
እርጥበቱ 18 ከመቶ የሆነ 1 ኩንታል በቆሎ፣ ውሃው ሲቀነስ 82 ኪሎ ደረቅ ክብደት አለው። እርጥበቱ 12 ከመቶ እስኪሆን ሲደርቅ 82 ለ0.88 ተካፍሎ 93.2 ኪሎ ይቀራል። እርጥቡ በ3,000 ብር ቢገዛ የደረቁ ኩንታል ዋጋ 3,219 ብር ያህል ይሆናል። ስለሆነም በ3,150 ብር የቀረበው ደረቅ በቆሎ ይሻላል።

ማኅበሩ 100 ኩንታል እርጥብ በቆሎ ቢረከብ፣ ከደረቀ በኋላ 7 ኩንታል ገደማ ይጎድላል። በርክክብ ዕለት እርጥበቱ ካልተመዘገበ ሳይሰርቅ የሚጠየቀው የመጋዘን ኃላፊው ነው። እርጥብ እህል በቶሎ እንደሚሻግትም መዘንጋት አይገባም።

በመሆኑም የልማት ሠራተኞች ስሌቱን ከግዢ ኮሚቴው ጋር በተግባር እንዲለማመዱት፣ የማጓጓዣ ወጪውንም ከማካፈል በፊት በዋጋው ላይ እንዲደምሩ እንመክራለን። የአንዱ ኪሎ ወይም ሊትር ዋጋ በማኅበሩ ሱቅ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ አባላት ራሳቸው ማመሳከር ይችላሉ።