ከማጀት እስከ ችሎት፦ የሴቶችን ሕይወት የሚተርኩ ታሪካዊ ልብ ወለዶች

ገና ጎህ ሳይቀድ ከየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ወደ እንጦጦ ጫካ የሚወጡ ሴቶች አሉ። ረፋድ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ ጠፍረው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። የአዲስ አበባ ምድጃ ለብዙ አሥርት ዓመታት የነደደው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው።

በዚያው ተራራ አናት ላይ እንጦጦ ማርያም አለች። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚያ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጣይቱ ብጡል የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ዘውድ የደፋችውም እንጨት የተሸከመችውም በአንድ ተራራ ላይ አልፈዋል። ስለ መጀመሪያዋ ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛዋን ዋና ባለታሪክ ያደረገ የአማርኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚፈልግ አንባቢ ግን የመጻሕፍት መደብሩን ሁሉ ዞሮ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ ያለፈን ዘመን መቼቱ አድርጎ፣ በእውነት የሆነውን ከደራሲው ምናብ ጋር ገምዶ የሚተርክ ድርሰት ነው። ጦርነቱ፣ ንጉሡ፣ ዓመተ ምሕረቱ እውነት ናቸው። የዚያን ቀን ማለዳ አንዲት ሴት ምን እንዳሰበች፣ ምን እንደፈራች፣ ለልጇ ምን እንደነገረች ግን ሰነድ የለም፤ ደራሲው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። የሴቶች ሕይወት ላይ ሲደርስ ክፍተቱ ይሰፋል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ሲባል የኖረበት አገር ጸሐፊዎቹም የሚቀመጡት ችሎቱ ላይ ነበርና የማጀቱን አልመዘገቡትም።

እንዲያም ሆኖ አገሩ የሴትን ሕይወት ጽፎ አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 የወለተ ጴጥሮስን ገድል በግዕዝ ጽፏል። ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የነበረውን ባሏን ትታ መነኮሰች፤ ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲያውጅ ተቃወመች፤ ተከታዮቿን ይዛ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ማኅበራት መሠረተች። ካረፈች 30 ዓመት በኋላ የተጻፈው ይህ ገድል እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሞ የዓለም ምሁራንን አነጋግሯል። ገድል ልብ ወለድ አይደለም፤ አማኝ ለአማኝ የጻፈው ነው። ነገር ግን የሴቲቱን ቁጣ፣ ሕመምና ከጓደኛዋ ጋር የነበራትን ፍቅር ሳይቀር ያነሣል። በአገራችን አንዲት ሴት ከልደት እስከ ሞት የመጽሐፍ ባለቤት የሆነችው ልብ ወለድ ከመታወቁ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

ከዚያ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ዛሬ በብዛት «ጦቢያ» እየተባለ ይጠራል። ሁለቱን ቃላት አጣምሮ በአንድ ርዕስ ማስቀመጡ ልብ ሊባል ይገባል፤ የድርሰቱ ዓይነት ስያሜውን ያገኘው ከዚህ ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ጦቢያ ልጃገረድ ነች። ጦርነት ቤተሰቧን በታትኖ መንታ ወንድሟ ዋህድ ሲጠፋ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ሴትን ከፊት አሰልፏል፤ ነገር ግን ወደ አደባባዩ ታሪክ እንድትገባ በመጀመሪያ ወንድ መምሰል ነበረባት። በሴትነቷ እንደቆመች ጉዞዋን አልፈቀደላትም። ይህ አፈወርቅን የሚያስወቅስ አይደለም፤ የዘመኑ መንገድ ለሴት ልጅ እንዲያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደራስያን ግን ከዚያ ቦታ ምን ያህል ርቀው ሄዱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ የተደባለቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን የባላባት ሥርዓት የሚያሳየን አብዛኛውን በሰብለ ወንጌል ዕጣ በኩል ነው። ሰብለ በአባቷ ክብር ታስራ ዕድሜዋ ያልፋል፣ ትጠፋለች፣ በመጨረሻም ትመነኩሳለች። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው አገሩ በሙሉ ያለቀሰላት ሰብለ ናት።  ብርሃኑ ዘርይሁን ደግሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ ለጻፈው ሥራ «የታንጉት ምስጢር» የሚል ርዕስ መርጧል። የሴት ስም ሽፋኑ ላይ አለ። ዘመኑን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ግን በአብዛኛው የወንዶቹ እንደሆነ ቆየ፤ ሴቲቱ ትፈቀራለች፣ ትበደላለች፣ ትሞታለች፣ ውሳኔው ግን ከሌላ ይመጣል።

ያ ውሳኔ ወደ ሴቶቹ እጅ ሲገባ የታየው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ ከአገር ርቀው በእንግሊዝኛ በሚጽፉ ሁለት ሴቶች ሥራ ነው።

መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖር ደራሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛ ልብ ወለዷ ርዕሱ በአማርኛ ቢመለስ «የጥላው ንጉሥ» ይሆናል፤ በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዘመኑ የ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ነው። ሒሩት ወላጆቿን ያጣች የቤት አገልጋይ ናት፤ ካላት ሀብት ሁሉ ትልቁ ከአባቷ የቀረላት ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ጌታዋ ኪዳኔ ለዘመቻ ጦር ሲያሰባስብ ጠመንጃዋን ይነጥቃታል። የኪዳኔ ሚስት አስቴር ደግሞ የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ለጦርነት ትጠራለች። ንጉሡ ከአገር ሲወጡ፣ እርሳቸውን የሚመስል አንድ ድሃ ሰው ንጉሥ መስሎ ለጦሩ ይታያል፤ ሒሩት ዘበኛው ትሆናለች። አስቴርና ሒሩት ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ አንዷ እመቤት ሌላዋ ገረድ መሆናቸውን ግን መጽሐፉ አይደብቅም። እመቤቲቱ በገረዲቱ ላይ የምታደርሰው ግፍ ከጠላት ጥይት ባልተናነሰ ተጽፏል። የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይህ ይመስላል፤ የሴት አርበኛን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ሴት ጀግና ብቻ አድርጎ ማሳየት ይቀናዋልና።

የአርበኞቹ ሴቶች ነገር ፈጠራ እንዳይመስል የታወቁትን ማስታወስ በቂ ነው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌና ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተይዘው በጣሊያን አገር ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴት እስር ቤት ተግዘዋል። ስንዱ ከድል በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ ግጥምና ድራማ የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ» አሳተሙ፤ በምክር ቤትም የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት እርሳቸው ናቸው።

ሁለተኛዋ ጸሐፊ አይዳ እደማርያም ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው መጽሐፍ የአያቷን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ይተርካል፤ በቀጣዩ ዓመትም በእንግሊዝ የኦንዳቺ ሽልማትን አግኝቷል። እውነተኛ ታሪክ ስለሆነ በጥብቅ አነጋገር ልብ ወለድ አይባልም፤ አጻጻፉ ግን የልብ ወለድ ነው። ወይዘሮ የተመኙ ጎንደር ላይ ገና በስምንት ዓመታቸው ገደማ ከእርሳቸው በብዙ ዓመት ለሚበልጡ ካህን ተዳሩ። ልጅ ወለዱ፣ ልጅ ቀበሩ፣ ጠላና ጠጅ ጠመቁ፣ የጣሊያንን ቦምብ አዩ። ባላቸው ሲታሰሩ ደግሞ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። በዚህ መጽሐፍ የበርበሬ መቀንጠስና የጌሾ ሽታ የታሪክ ማስረጃ ነው። አንድ ዘመን ምን ይበላ፣ በምን ሰዓት ይነሣ፣ ማንን ይፈራ እንደነበር ከአዋጅ ይልቅ ከማጀት ይገኛል።

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። ኖርዌያዊቷ ሲግሪድ ኡንሴት የ14ኛውን ክፍለ ዘመን አንዲት ሴት ከልጅነት እስከ ሞት በሦስት ቅጽ ተርካ እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማትን ወስዳለች። አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመችው «ቢላቭድ» የተነሣው ማርጋሬት ጋርነር ስለተባለች ከባርነት ያመለጠች እናት ከተጻፈ የጋዜጣ ዘገባ ነው። ሞሪሰን ዘገባው የተወውን ዝምታ በምናቧ ሞላችው። በአገራችን ደግሞ አጭሩ የጋዜጣ ዘገባ እንኳ የሌላቸው ሴቶች ሚሊዮኖች ናቸው።

ወደ እንጦጦ እንመለስ፤ እዚህ ተራራ ላይ አንድ ያልተጻፈ ትልቅ ልብ ወለድ ተቀምጧልና። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ተቃወሙ። በመቀሌው ከበባ የጣሊያን ምሽግ ውሃ እንዲቆረጥበት ያደረገው ዘዴ በስማቸው ይነሣል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ብዙም የማይነገረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ምኒልክ ሲታመሙ ለዓመታት አስታመሙ፤ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው፤ ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ተመለሱ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ከታች የሚታየው ከተማ ራሳቸው የመሠረቱት ነው። ያንን ከተማ ከላይ ሆነው እያዩ ለኖሩባቸው ዓመታት ዜና መዋዕል የሚሰጠው ቃል ጥቂት ነው። ደራሲ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

እቴጌይቱ በእንጦጦ ብቻቸውን አልነበሩም። እንጀራ ጋጋሪ፣ ውሃ ቀጂ፣ ጠጅ ጣይ፣ ሞግዚት ነበሩ። ወደ ዓድዋ በተጓዘው ሠራዊት ውስጥም በሶ ፈጭተው ሥንቅ የጫኑ፣ በውጊያው መካከል በእንስራ ውሃ ያቀረቡ፣ ቁስለኛ ያነሡ ሴቶች በሺህ ይቆጠራሉ። ስማቸው የለም።

የሚጽፈው ሰው ግን ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንዱ ምናብ ነው፣ ሌላው እውነት። አንድ ምሳሌ እነሆ። የ1882ቱን የንግሥ በዓል የሚጽፍ ደራሲ በእንጦጦ ነፋስ ላይ የባሕር ዛፍ ሽታ ቢጨምርበት ተሳስቷል። ተራራው የዚያን ጊዜ ጥድና ወይራው እየተጨፈጨፈ የተራቆተ ነበር፤ ባሕር ዛፍ የገባው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እንዲያውም የማገዶ እጦት መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውራት ደርሶ ነበር፤ ያስቀራት ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ደራሲው ይህን ሲያውቅ አዲስ ታሪክ በእጁ ይገባል፤ ዛሬ ከፈረንሳይ ሠፈር ተነሥታ ጭራሮ የምትለቅመው ሴት ሕይወትና የከተማዋ መትረፍ በአንድ ዛፍ ተሳስረዋልና። ለታሪካዊ ልብ ወለድ ጥናት የሚያስፈልገው ስሕተት ለማስወገድ ብቻ አይደለም፤ ጥሩው ነገር የሚገኘውም ከጥናቱ ነው።

መዓዛም እንዲሁ ብዙ ደክማለች። ለዓመታት የጣሊያንን ማኅደር አገላብጣለች፤ የጣሊያን ወታደሮች ያነሷቸውን የኢትዮጵያውያን ፎቶግራፎች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሳይቀር እየገዛች ሰብስባለች፤ የጻፈችውን ረጅም ረቂቅ ጥላ እንደ አዲስ ጀምራለች። ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ እናቷ አንድ ነገር ነገረቻት። ቅድመ አያቷ ጌጤ ይባላሉ። ንጉሡ ከየቤቱ የበኩር ልጅ ይዝመት ብለው ሲያዝዙ በኩሯ እርሳቸው ነበሩ፤ ገና ልጅ ሆነው ታጭተው ስለነበር አባታቸው ጠመንጃውን ለሙሽራው ሰጡት። ጌጤ አባታቸውን ችሎት አቆሙ። ተከራክረው ረቱ፤ ጠመንጃውን ተቀብለው ዘመቱ። ደራሲዋ በሩቅ አገር ማኅደር ስትፈልገው የነበረው ታሪክ በገዛ ቤተሰቧ ውስጥ ነበር፤ እናቷ እስከዚያ ቀን ያልነገረቻት ስላልጠየቀቻት ነው።

በየካም ሆነ በጎንደር፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሮም ይህን የሚያነብ ሰው እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቃቸው። ከየት መጡ? በስንት ዓመታቸው ተዳሩ? በወረራው ጊዜ ቤታቸው ማን ነበር? ችሎት ቆመው ያውቃሉ? የሚሉትን በስልኩ ይቅረጽ፤ ቀኑንና የቦታውን ስም ይመዝግብ። የሚጽፍ ልጅ ቢመጣ የሚነሣው ከዚያ ነው።