ከያዮ ዋሽንግተን፣ በደብሊን ዞሮ

ኢሉባቦር ውስጥ ካለችው ከያዮ አዲስ አበባ የሚያስገባ ቀጥታ መንገድ የለም። ከመቱ የተነሳ አውቶቡስ ያዮን አልፎ በደሌ ሲደርስ ወይ በጅማ ወይ በነቀምት ይዞራል፤ ከገደልና ከወንዝ ጋር ሙግት የለም። ዘመድ ሊጠይቅ ዋሽንግተን የሚሄድ የያዮ ሰው ግን ቦሌ ሲደርስ «ከእንግዲህማ ሰማይ ነው፣ ምን ያግደዋል?» ቢል አይፈረድበትም። አውሮፕላኑ ደብሊን ወይም ሎሜ ወርዶ ነዳጅ ሲቀዳ ነው ግራ የሚገባው።

ምክንያቱ ያለው እዚሁ ቦሌ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ክንፉ የሚደገፍበትም ሞተሩ የሚስበውም ያንሳል። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ቢረዝምም፣ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጭነትና አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅ ባንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል። ከፍታን የያዮ የደን ቡና ይወደዋል፣ ሞተር ግን አይወደውም። ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል፦ የዋሽንግተኑ ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋል። ስለዚህ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

ደብሊን ደግሞ የምትመስለውን ያህል ከመንገድ የወጣች አይደለችም። የሚያሳስተን የግድግዳው ካርታ ነው። በሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ቢወጠር፣ ሰሃራን አቋርጦ በሊዝበን አካባቢ ያልፋል፤ ርቀቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብሊን ሲዞር የሚጨመረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ከከፍታው የባሰው ግን የሰው ጠብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያረፈው አስመራ ነበር። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአስመራው መስመር ተዘጋ፤ እስከ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም ድረስ አስመራ መሄድ የፈለገ ሰው ሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ደግሞ ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። ኢሉባቦር ካርቱምን ከጥንት ያውቃታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአካባቢው ቡና በጎሬ ጋምቤላ ወርዶ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደዚያው ይጓዝ ነበር። ሰማዩ ከተዘጋ ወዲህ ወደ አውሮፓ የሚበርሩ አውሮፕላኖች ሱዳንን በስተምሥራቅ እየዞሩ በቀይ ባሕር በኩል ማለፍ ጀመሩ። ለዙሩ የሚቀዳው ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው፤ ያም ከአበባው ጭነት ላይ ሊቀነስ ይችላል። የያዮን ቡና ይህ ብዙም አይነካውም፤ የአገሪቱ ቡና አብዛኛው በጂቡቲ በኩል በመርከብ ነው የሚወጣው።