86 ጎል በሁለት መንገድ

«ስሎት ሊቨርፑልን ምን አደረጉት? ክሎፕ ያቆሙትን ቤት ተረክበው ዋንጫ አነሡ እንጂ ከራሳቸው ምን ጨመሩበት?» እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ ጥያቄውም በሁለት መስመር መልስ የሚዘጋ ስላልሆነ፣ ዛሬ በሰፊው ልጽፍበት ወድጃለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ነገሩን የሚያከብደው አንድ አስደናቂ አኃዝ ነው። በ2023/24 የውድድር ዘመን፣ ማለት የርገን ክሎፕ በመሩት የመጨረሻ ዓመት፣ ሊቨርፑል በፕሪሚየር ሊጉ 86 ጎል አግብቶ 41 ተቈጠረበት፤ በ2024/25፣ አርነ ስሎት በመንበሩ በተቀመጡበት የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ እንደ ገና 86 አግብቶ 41 ተቈጠረበት። ነጥቡም ያደገው ከ82 ወደ 84 ብቻ ነው። በ82 ነጥብ ሦስተኛ የወጣ ቡድን በ84 ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው፣ በከፊልም ቢሆን፣ ማንችስተር ሲቲ በቀደመው ዓመት በ91 ነጥብ የጨበጠውን ልዕልና ስላጣ መሆኑን መካድ እውነትን መበደል ነው። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ሁለቱንም ዓመት በጥሞና የተከታተልሁ እንደ መሆኔ፣ የጎሎቹ ቍጥር አንድ ሆኖ ሳለ ጎሎቹ የተወለዱበት መንገድ ከሥር እስከ ጫፍ ተለውጧል ባይ ነኝ፤ የተለወጠውም የፍጥነቱ መጠን ሳይሆን የፍጥነቱ ጊዜ ነው።

ክሎፕ በ2015 ወደ ሊቨርፑል ሜዳ ወደ አንፊልድ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ትምህርት፣ ኳስ የተነጠቀችበትን ቅጽበት እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ዕድል የሚቈጥር ነበር፤ ተጋጣሚው ኳሱን ነጥቆ ገና ቀና ሳይል ሦስትና አራት ቀይ ለባሽ ይከበውና፣ ኳሷ በዚያው ሥፍራ ተመልሳ ተነጥቃ፣ ገና ባልተሰናዳው መከላከያ ላይ ትወርዳለች። በዚህ ትምህርት ፍጥነት መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። የ2019ኙን የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫና ከ30 ዓመት ጥበቃ በኋላ በ99 ነጥብ የተገኘውን የ2020ውን የሊግ ዋንጫ ያስገኘ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ስለ ክሎፕ በተናገርሁ ቍጥር በፍጹም አክብሮት ነው። ሆኖም በመጨረሻው ዓመት ቡድኑ ደጋግሞ ቀድሞ ጎል እየተቈጠረበት፣ ከኋላ ተነሥቶ ለማሸነፍ ሲታገል ጕልበቱን ይጨርስ ነበር፤ በኤፕሪል 2024 በገዛ ሜዳው በክሪስታል ፓላስ 1 ለ 0፣ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ደግሞ በኤቨርተን 2 ለ 0 የተረታው ቡድን፣ መሮጥ የማይፈልግ ሳይሆን ሮጦ ሮጦ የደከመ ቡድን ነበር።

በ2023 ከፌይኖርድ ጋር የሆላንድን ሊግ፣ በ2024 የጥሎ ማለፉን ዋንጫ አንሥተው የመጡት ስሎት፣ ከረዳቶቻቸው ከሲፕከ ሁልሾፍና ከቀድሞው የሆላንድ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ከጆን ሄይቲንጋ ጋር ሥራውን ሲጀምሩ፣ በዚያ ክረምት ተገዝቶ ከቡድኑ ጋር የተቀላቀለው ፌዴሪኮ ኪዬዛ ብቻ ነበር፤ ለተከላካይ አማካይነት የታጨው ማርቲን ዙቢሜንዲ ከሪያል ሶሲዬዳድ አልወጣም ብሎ ቀረ። እንግዲህ ከኪዬዛ በቀር አዲስ ሰው ሳይጨመር አዲስ ሥርዓት መሥራት ግድ ሆነ፤ የአሰልጣኝ ዕውቀትም በትክክል የሚመዘነው እንዲህ ባለው እጦት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሥርዓቱ መሠረት ከኋላ ነበር። የመሀል ተከላካዮቹ ቫን ዳይክና ኮናቴ ኳሱን በፍጹም ርጋታ ይቀባበላሉ፤ ከፊታቸው ራያን ግራቨንበርችና አሌክሲስ ማክ አሊስተር ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ከእነርሱ ፊት ዶሚኒክ ሶቦስላይ ከአጥቂዎቹ በስተ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ኳሷ ከቫን ዳይክ ወደ ኮናቴ፣ ከኮናቴ ወደ ግብ ጠባቂው አሊሰን፣ ከአሊሰንም ተመልሳ ወደ ቫን ዳይክ ስትሄድ ያየ ተመልካች «ኧረ ወደ ፊት በሉ!» ብሎ ይጮኻል፤ እኔም ጨዋታውን በምከታተልበት ዲኤስቲቪ ቤት ይህን ጩኸት በየሳምንቱ እሰማው ነበር። ዳሩ ግን ያ የኋላ ቅብብል ጊዜ ማባከን ሳይሆን ማባበል ነበር። ተጋጣሚው ትዕግሥቱ አልቆ አንድ ሰው ወደ ፊት በላከ ጊዜ ያ ሰው የለቀቀው ሥፍራ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኳሷ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ ባዶውን ሥፍራ ሰንጥቃ የመስመር አጥቂዎቹ ሉዊስ ዲያዝ ወይም ሞሐመድ ሳላህ ዘንድ ትደርሳለች። በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ዜማው መቋሚያው ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ በሚያዘነብልበት ዝማሜ ቆይቶ፣ ከበሮው ሲገባ ወደ መረግድ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም ጽፋቱ ሲደርስ እጅና እግር ከከበሮው ጋር በአንድነት ይፈጥናሉ፤ ያለ ዝማሜው ርጋታም ጽፋቱ ያን ያህል ልብ አያነሣሣም። የስሎት ማጥቃት በእኔ ዐይን ይህን የመሰለ መዓርግ የጠበቀ ነበር።

የዚህ ሁሉ ምሥጢር በአንድ ሰው እግር ላይ ታትሞ ነበር ብል አላጋነንሁም። ራያን ግራቨንበርች በአያክስ ያደገ፣ በባየርን ሙኒክ አብዛኛውን ጊዜ በተቀያሪ ወንበር ያሳለፈ፣ በ2023 ወደ አንፊልድ መጥቶም በመጀመሪያው ዓመት ቋሚ ሥፍራ ያላገኘ ወጣት ነው። ዙቢሜንዲ በቀረበት ሥፍራ እርሱ ሲቆም የተጠራጠሩት ጥቂቶች አልነበሩም። ይህን ልጅ ለማወቅ ኳስ ሲቀበል ያለውን የሰውነቱን አኳኋን ማየት ይበቃል፤ ኳሷ ከኮናቴ እግር ሳትወጣ አንድ ጊዜ በቀኝ ትከሻው፣ አንድ ጊዜ በግራው ዘወር ብሎ ያያል፤ በደረሰች ጊዜም አያቆማትም፣ በረጅም እግሩ አጠገብ እንድታልፍ ለቅቆ ከእርሷ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ከኋላው እየበረረ የመጣው ተጋጣሚ ባለፈች ኳስ ላይ ሲደርስ፣ ግራቨንበርች ፊቱን ወደ ጎሉ መልሶ ሰፊ ሜዳ ከፊቱ ተከፍቶለታል። ከዚህች የአንድ ሰኮንድ ዙረት በፊት ቡድኑ የሚጠብቅ ነው፣ ከእርሷ በኋላ ግን የሚያጠቃ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የፕሪሚየር ሊጉ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተብሎ ሲሸለም፣ ሽልማቱ ጎል ባገባ ሰው ሳይሆን ጎል የሚገባበትን በር በከፈተ ሰው እጅ በመግባቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

የፍጥነቱ ሌላው ጫፍ ሳላህ ነበር። በ32 ዓመቱ 29 ጎል አግብቶ፣ ለሌሎች 18 አመቻችቶ፣ በድምሩ በ47 ጎሎች ላይ እጁን ያስገባ፣ 38 ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን ማንም ያልደረሰበትን ደረጃ የረገጠ ሰው፣ ይህን ያደረገው ከቀድሞው በበለጠ ስለ ሮጠ አይደለም። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ገለጸው፣ ከመከላከል ሥራ ቢያሳርፉት በማጥቃቱ ዋጋውን እንደሚመልስ ለአሰልጣኙ ነግሯቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቃሉን አመኑት። ስለዚህ ተጋጣሚው ኳስ በያዘ ጊዜ ሳላህ ወደ ኋላ ብዙ ሳይመለስ በቀኙ መስመር ከፍ ብሎ ይቆም ነበር፤ ኳሷ በተነጠቀች ጊዜም ቀድሞውኑ በሥፍራው ነበር። ነገር ግን በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ዕረፍት በነፃ አይገኝም፤ የአንዱን ዕረፍት ሌላው በላቡ ይከፍለዋል። የከፈለው ሶቦስላይ ነው። መሀል ላይ ቆሞ ተጋጣሚውን ማሳደድ፣ ወዲያው ደግሞ በቀኝ በኩል ሳላህ የተወውን ሥፍራ መዝጋት የእርሱ ድርሻ ነበር፤ ስሙ በጎል አግቢዎች ተርታ ከፍ ብሎ ስላልተጻፈ ሥራውን የዘነጉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አዝናለሁ።

ሥርዓቱ ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የታየኝ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 በማንችስተር ሲቲ ሜዳ በኤቲሃድ ነው። ስሎት የዚያን ጊዜው የሲቲ አሰልጣኝ የፔፕ ጓርዲዮላ አድናቂ መሆናቸውን ሰውረው አያውቁም፤ በዚያ ቀን ግን በአድናቆት ፈንታ ንድፍ ይዘው ገቡ። በተፈጥሮው የመሀል አጥቂ የሆነ አንድም ሰው ሳያሰልፉ፣ ሶቦስላይንና ከርቲስ ጆንስን ከፊት አቆሙ፤ የሲቲ መሀል ተከላካዮች የሚይዙት ሰው አጥተው፣ ወደ ፊት ቢወጡ ከኋላቸው፣ ቢቀሩ ከፊታቸው ሥፍራ የሚለቁ ሆኑ። በ14ኛው ደቂቃ ማክ አሊስተር የማዕዘን ምቷን እንደ ልማዱ ወደ ሰው ክምር አላሻገረም፤ ወደ ቅርቡ ቋሚ ላካት፣ ሶቦስላይ ሮጦ ደርሶ በአንድ ንክኪ ወደ ኋላ መለሳት፣ ብቻውን የቀረው ሳላህ መታት፣ በተከላካይ ተጋጭታ ገባች። በ37ኛው ደግሞ የቀኝ መስመር ተከላካዩ አሌክሳንደር አርኖልድ ከኋላ በረጅሙ የላካትን ኳስ ሳላህ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ለሶቦስላይ ሰጠው፤ 2 ለ 0። ኳሷ ከጨዋታው ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ያህል በሲቲ እግር ላይ ነበረች፤ ሊቨርፑል ግን አልተጨነቀም፣ የፍጥነቱን ሰዓት የሚወስነው እርሱ ነበርና።

የስሎት ሌላው ጸጋ በዕረፍት ሰዓት የሚታይ ነበር። ኦገስት 17 ቀን 2024 በመጀመሪያው ጨዋታ ኢፕስዊች ላይ 0 ለ 0 ዕረፍት በወጡ ጊዜ፣ የአንድ ለአንድ ፍልሚያ መሸነፍ አልወደዱምና ወጣቱን ኳንሳን አውጥተው ኮናቴን አስገቡ፤ 2 ለ 0 አሸነፉ። ኖቬምበር 5 ቀን ከባየር ሌቨርኩሰን ጋር እንዲሁ ያለ ጎል ዕረፍት ወጥተው፣ በመሀል አጥቂነት የተሰለፈው ዲያዝ ሦስት ጎል አግብቶ 4 ለ 0 ፈጸሙት። የኢፕስዊቿን የመጀመሪያ ጎል፣ ማለት የአዲሱን ዘመን በኵር ጎል ያገባው ዲዮጎ ጆታ ነበር፤ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ኤቨርተን 1 ለ 0 የተሸነፈባትንም ያገባው እርሱ ነው። ጁላይ 3 ቀን ከወንድሙ ጋር በመኪና አደጋ ማረፉን በሰማሁ ጊዜ የተሰማኝን ኀዘን ዛሬም በቃላት ልገልጸው አልችልም። ነፍስ ይማር።

ሥርዓቱ ግን ፍጹም አልነበረም። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ኖቲንግሃም ፎረስት አንፊልድ መጥቶ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በተከላከለ ጊዜ፣ የሚባበል ሰው ስላልተገኘ ቅብብሉ ከንቱ ሆነ፤ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ነው፤ በማርች 2025 በሻምፒዮንስ ሊጉ የገጠማቸው የፓሪስ ቡድን አንድ ሰው ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ፊት የሚልክ፣ የለቀቀውንም ሥፍራ በዚያው ቅጽበት የሚዘጋ ነበር። ፓሪስ ላይ አሊሰን ጎሉን ተአምር በሚመስል ሁኔታ ጠብቆ ሃርቪ ኤልየት በ87ኛው ደቂቃ ባያገባ ኖሮ ውርደት ይሆን ነበር፤ አንፊልድ ላይም በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 1 ተረትተው ከሻምፒዮንስ ሊጉ ወጡ። ከአምስት ቀን በኋላ ኒውካስል በዌምብሌይ 2 ለ 1 አሸንፎ የካራባኦ ዋንጫን ወሰደ። የመጀመሪያዋ ቅብብል ከታፈነች ሳላህ በሥፍራው ቢቆምም የሚደርሰው ነገር የለም።

ስሎት ከዚህ በኋላም ሥርዓቱን አልጣሉትም፤ ኤፕሪል 27 ቀን ቶተንሃምን አንፊልድ ላይ 5 ለ 1 አሸንፈው፣ አራት ጨዋታ እየቀረ፣ ለክለቡ 20ኛውን የሊግ ዋንጫ አረጋገጡ። በክረምቱ ግን ሥርዓቱን የተሸከሙት ሰዎች ተበተኑ፤ አሌክሳንደር አርኖልድ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ዲያዝ ወደ ባየርን፣ ሄይቲንጋም ወደ አያክስ ሄዱ። ከሌቨርኩሰን በብዙ ገንዘብ የመጣው ፍሎሪያን ቪርትዝ ድንቅ ተጫዋች መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እርሱ የሚያበራበት ከአጥቂው በስተ ኋላ ያለው ሥፍራ፣ ሶቦስላይ እየሮጠ የሳላህን ዕረፍት ይከፍልበት የነበረው ያው ሥፍራ ነው። ሶቦስላይም በ2025/26 መክፈቻ ወደ ቀኝ መስመር ተከላካይነት ተወስዶ ታየ፤ ኦገስት 31 ቀን አርሰናል የተሸነፈባትን የቅጣት ምት የመታው በዚያ ሥፍራ በተሰለፈበት ቀን ነው። ስለዚህ ስለ ቪርትዝም ለምትጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው፤ ልጁ በዚያ ዓመት ጎል አገባ ወይስ አላገባም ከማለታችሁ በፊት፣ ሊቨርፑል ኳስ በተነጠቀ ጊዜ ከሳላህ በስተ ኋላ ያለውን ቀኝ መስመር ማን እየሮጠ እንደዘጋው ተመልከቱ።