ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃን ከራሱ ደጃፍ ይጀምር
(ከሀሮማያ ሐይቅ የሚገኝ ትምህርት)

በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሀሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ሥፍራ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ከዚሁ ሐይቅ ሲጠጣ የኖረው የሐረር ከተማም ውሃ ከሌላ አካባቢ ለማስመጣት ተገደደ። ከሐይቁ አጠገብ በ1940ዎቹ በእርሻ ኮሌጅነት ተመሥርቶ በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው፣ ቀድሞ አለማያ ዛሬ ሀሮማያ የሚባለው ተቋም ይገኛል። የአፈርና የውሃ ትምህርት በሚሰጥበት ደጃፍ ሐይቅ መድረቁ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚያሰኝ ነው።

ሐይቁን ያደረቀው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። የዙሪያው ደን ተመንጥሮ አፈሩ ስለታጠበ ደለል የሐይቁን ጥልቀት ቀነሰው። ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው ውሃ በዛ፤ የከተማ ፍጆታም ጨመረ። ጥልቀቱ የቀነሰ ሐይቅ ደግሞ በፀሐይ ቶሎ ይተናል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የወሰደው ጥቂት መስሎት ነበር፤ ጠቅላላ ድምሩን ይዞ የሚያስጠነቅቅ ግን አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል፤ ይሁን እንጂ ምክንያቶቹ ካልተወገዱ ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል።

በመሆኑም በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ አርአያ ለመሆን የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቅማል።

1. የራሱን ፍጆታ ይቁጠር። በየጉድጓዱና በየሕንፃው ቆጣሪ ተክሎ በወር የወጣውን ውሃ በግልጽ ያስታውቅ። ገበሬውን «ውሃ ቆጥብ» ለማለት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

2. በጣሪያው ይጠቀም። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 20,000 ሊትር ሊሰበስብ ይችላል።

3. ትራፊውን ወደ ማሳ ይመልስ። የምግብ ቤት ትራፊና የከብት እበት ባዮጋዝ ይሰጣል፤ ከጋዙ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

4. ምርምሩን ወደ ተዳፋቱ ያውጣ። ከ1 ሄክታር ማሳ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። እርከንና የሣር ክትር ይህን ምን ያህል እንደሚቀንሱ በገበሬው ማሳ ላይ፣ ከገበሬው ጋር ይለካ።

እዚህ ላይ የልማት ሠራተኛው ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ጫት የሚያጠጣው ገበሬ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያው ገቢ ነው። «ተው» ቢሉት አይሰማም፤ ሊሰማም አይችልም። በአነስተኛ ውሃ ተመሳሳይ ገቢ የሚያስገኝ አሠራር ሲያይ ግን ይቀበላል። ይህን ፈትኖ የማሳየት ኃላፊነት የዩኒቨርሲቲው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ተራ አላቸው። በየቀበሌው ያሉትን የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ብዛትና በቀን የሚሠሩበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ የመስኖ ተራ ያውጡ፤ መዝገቡንም ለዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች አቅርበው መልስ ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲው ቆጣሪና የማኅበሩ መዝገብ ጎን ለጎን ሲታዩ ያን ጊዜ የጠፋው ድምር ይገኛል። ምዝገባው ሐይቁ መጉደል ከጀመረ በኋላ ሳይሆን፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ውሃው ሙሉ ሳለ ይጀመር።