ጥላሸትና ጎማ የሚገናኙበት ቦታ

ከጅቡቲ ጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ከባድ መኪና አፋርን በቆላ ሙቀት ያቋርጣል፤ አዋሽንና መተሐራን አልፎ አዳማ እስኪገባ ደግሞ ዳገት ይገጥመዋል። ንፋስ የጎደለው ጎማ በየዙሩ እየተጨፈለቀ ይግላል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው መፈንዳት ነው። በየከተማው መግቢያ የተቀመጠው ጎሚስታ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሙቀቱ ከጎማው ውስጥ ከየት እንደሚመነጭ ለማየት ግን ከዓይን አልፎ ከተራ ማይክሮስኮፕም የረቀቀ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ጎማ ብቻውን ጎማ አይደለም። ቻርለስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የጎማ ዛፍ ሙጫን ከድኝ ጋር በሙቀት ማብሰልን ካገኘ በኋላም ውጤቱ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቅ ነበር። መኪናን ለረጅም ጊዜ የሚሸከም ጎማ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ጥላሸት ሲቀላቀልበት ነው። ጥቁረቱም ከዚያው ነው። የከባድ መኪና ጎማ መርገጫ ላይ ለ100 ኪሎ ጎማ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ ጥላሸት ይገባል። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶ አልበላ ማለቱም የዚሁ ጥላሸት ውለታ ነው።

የጥላሸቱ ቅንጣት ስፋት ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ሰንሰለት፣ ሰንሰለቶቹም ተጠጋግተው ክምር ይሆናሉ። ጎማው ሲታጠፍ ክምሩ ይፈርሳል፣ ሲዘረጋ መልሶ ይያያዛል፤ በዚህ መሀል የጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በየቅንጣቱ ዙሪያ ደግሞ እንደ ልቡ የማይንቀሳቀስ፣ የተጣበቀ ስስ የጎማ ንብርብር አለ። እኔን የሚስበኝ ይህ ንብርብር ነው፤ የጎማው ጥንካሬም ሆነ መጋል በእርሱም ይወሰናል።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው እጅግ ስስ ቁራጭን፣ ያውም ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ኤክስሬይ ደግሞ ከኤሌክትሮን ጋር ስለሚጋጭ ጎማ የሞላበትን ሃይድሮጂን በቅጡ አያየውም። ኒውትሮን ኤሌክትሪክ ስለሌለው ጠልቆ ይገባና ከአቶም እምብርት ጋር ይገናኛል። ሃይድሮጂንና ከባዱ ወንድሙ ዲዩቴሪየም በኬሚካል ጠባያቸው ይመሳሰላሉ፤ ኒውትሮንን የሚበትኑት ግን እጅግ በተለያየ መንገድ ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ጎማውን ተራ ሃይድሮጂን ባለውና ዲዩቴሪየም ባለው ፈሳሽ ቅልቅል ያሳብጡታል። መጠኑን ሲያስተካክሉ፣ ነጭ ጨው በነጭ ዱቄት ውስጥ እንደማይለይ ሁሉ ቅንጣቱ ከፈሳሹ ጋር ተመሳስሎ ይሰወራል፤ የሚቀረው የጎማው ምልክት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በጥላሸት ፈንታ ሲሊካ በገባበት ጎማ ላይ ይህን ሞክረው፣ ቅንጣቱን የከበበው ንብርብር ከቀረው ጎማ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን አይተዋል።

ውጤቱ ፎቶግራፍ አይደለም። ኒውትሮኖቹ ስስ ናሙና አልፈው በጣም ትንሽ ማዕዘን ስለሚያፈነግጡ መቀበያው ርቆ ይቆማል፤ ግረኖብል፣ ፈረንሳይ ባለው ዲ11 በተባለው መሣሪያ ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ይደርሳል። ተመራማሪው እጅ የሚገባው የመስመር ግራፍ ነው። አንዱ መስመር ከአንድ በላይ ቅርጽ ሊገጥመው ስለሚችል ትርጓሜው ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኒውትሮን ብተናን መሠረት የጣሉት በርትራም ብሮክሃውስና ክሊፎርድ ሸል የኖቤል ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ኒውትሮን ለማግኘት የኒውክሌር ሬአክተር ወይም ትልቅ የቅንጣት አፋጣኝ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የላትም። በአህጉራችን፣ ፕሪቶሪያ አጠገብ ፔሊንዳባ ላይ ሳፋሪ 1 የተባለው 20 ሜጋዋት ሬአክተር አለ፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ትልልቆቹ ማዕከላት ደግሞ የምርምር ሐሳብ እያወዳደሩ ለውጭ ተመራማሪዎችም የመሣሪያ ጊዜ ይሰጣሉ። የሚላከው ናሙና በኪስ የሚያዝ ነው፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ይኸው መንገድ በሚያልፍበት ከተማ ውስጥ ነው። ቆላውን አቋርጦ ካለቀ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከአዲሱ ጎን ቢመረመር፣ የረገፈው ጎማው ብቻ ነው ወይስ ከጥላሸቱ ጋር ያለው ትስስርም ላልቷል የሚለውን መጠየቅ ይቻላል።