በሪያቼ የነሐስ ሐውልቶች ውስጥ ተደብቆ የቆየው አደጋ

እ.ኤ.አ በኦገስት 1972 በደቡብ ኢጣሊያ ሪያቼ በተባለች የባሕር ጠረፍ ከተማ አቅራቢያ አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ስምንት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ከአሸዋ ወጥቶ የሚታይ ክንድ ተመለከተ። ክንዱ የሰው አስከሬን መስሎት ደንግጦ እንደነበር ይነገራል። ከባሕሩ የወጡት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ፣ ቁመታቸው ለሁለት ሜትር ጥቂት የሚቀረው ሁለት የግሪክ ጦረኞች የነሐስ ሐውልቶች ነበሩ።

እ.ኤ.አ ከ1975 እስከ 1980 በፍሎረንስ ከተማ በተካሄደው ጥገና የባሕር ቅርፊቱ ሲነሳ የመዳብ ከንፈሮች፣ በአንደኛው አፍ ውስጥም የብር ጥርሶች ተገለጡ። ሐውልቶቹ በፍሎረንስና በሮም ለሕዝብ ከታዩ በኋላ በሬጂዮ ካላብሪያ ሙዚየም ቢቀመጡም ችግራቸው ገና አልተወገደም ነበር።

የችግሩ ምንጭ የአሠራራቸው ዘዴ ነው። የጥንት አንጥረኞች የጭቃ እምብርት አበጅተው በሰም ይለብጡትና በሌላ ጭቃ ይሸፍኑታል። ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። የእኛ “ሰምና ወርቅ” የተሰኘው የቅኔ ስያሜም ከዚሁ ሙያ የተወሰደ ነው። ከነሐሱ በስተጀርባ የቀረው ጭቃ በባሕር ውስጥ ለብዙ ክፍለ ዘመናት ጨው ሲመጥ ኖሯል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከመዳብ ጋር ሲዋሐድ፣ እርጥበትና አየር ካገኘ ነሐሱን ወደ አረንጓዴ ዱቄት ይለውጠዋል። በሂደቱ የሚፈጠረው አሲድ ደግሞ ያልተነካውን ክፍል ስለሚያጠቃ ጉዳቱ ራሱን እያደሰ ይቀጥላል። ባለሙያዎች “የነሐስ በሽታ” የሚሉት ይህንኑ ነው።

በመሆኑም እ.ኤ.አ ከ1992 እስከ 1995 ባለሙያዎች በሐውልቶቹ እግሮች ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ካሜራና ረቂቅ መሣሪያዎችን እያስገቡ ጭቃውን በጥቂት በጥቂቱ አወጡት። 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን የነበረው የአንድ ሐውልት ክብደት ወደ 160 ኪሎ ግራም ወርዷል።

ጭቃው ግን እንደ ቆሻሻ አልተጣለም፤ በጸሐፊው እምነት የሥራው ትልቁ ቁም ነገርም ይህ ነው። ምርመራው ሐውልቶቹ በግሪክ አርጎስ አካባቢ ሳይሠሩ እንዳልቀረ አመልክቷል። “ለ” የተባለው ሐውልት ቀኝ ክንድም በጥንት ጊዜ ተለውጦ የተተካ መሆኑ ታውቋል።

እ.ኤ.አ በ2009 መጨረሻ ሐውልቶቹ ለተጨማሪ ጥገና ከሙዚየሙ ወጥተው በዲሴምበር 2013 ተመልሰዋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ በ1908 በመሬት መንቀጥቀጥ የወደመች በመሆኗ የቆሙባቸው መደቦች ለዚሁ ታስበው ተሠርተዋል። እያንዳንዱ መደብ ሁለት የእብነ በረድ ንጣፎች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው ያሉት የእብነ በረድ ኳሶች መሬት ሲናወጥ እየተንከባለሉ ንዝረቱን ያበርዳሉ። ጎብኚዎችም በአነስተኛ ቡድን ተከፍለው፣ አቧራና ብክለት በሚጣራበት ክፍል ጥቂት ደቂቃዎች ቆይተው ነው ወደ አዳራሹ የሚዘልቁት።